ኪስ የሚገባ ሊኑክስ ኮምፒውተር ለቢሮ ሥራ፦ ከየት ልጀምር?

ሻንጣ_ጠላ

ሰላም ወገን። ሥራዬ አንድ ቦታ አያስቀምጥም። ላፕቶፕ ተሸክሞ መዞር ደግሞ ሰልችቶኛል። ስለዚህ የጃኬት ኪስ የሚገባ፣ ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫን ነፃ ሲስተም) የተጫነበት ትንሽ ኮምፒውተር ራሴ ልገጣጥም አስቤያለሁ።

የምሠራው ከባድ ነገር አይደለም። ኢሜይል፣ በሊብረኦፊስ (ነፃ የቢሮ ፕሮግራም) ሪፖርት መጻፍ፣ መካከለኛ ሠንጠረዥ፣ አንዳንዴ በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ በጽሑፍ ትእዛዝ መግቢያ) ሰርቨር ውስጥ ገብቶ አንድ ሁለት ነገር ማስተካከል። ጌምም ሆነ ቪዲዮ አልፈልግም።

ያሰብኩት ይሄ ነው፦ ባለ 4 ጊጋባይት ራስቤሪ ፓይ 4 (በአንዲት ትንሽ ቦርድ ላይ ያለቀ ኮምፒውተር)፣ ባለ 5 ኢንች ስክሪን 800 በ480 ፒክስል፣ ትንሽ የብሉቱዝ ኪቦርድ፣ አንድ ፓወር ባንክ። ኬዙን በ3ዲ ፕሪንተር አወጣዋለሁ። መበየድ እችላለሁ። ሊኑክስም ለኔ አዲስ አይደለም።

ያስኬዳል? ወይስ ገንዘቤን ውሃ ሊበላው ነው?

ቀይ_ሽቦ

ያስኬዳል። ግን እንደ ሁሉም ሰው ከቦርዱ ጀመርክ። ቦርዱ መጨረሻ ላይ የሚመጣ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ራስህን ጠይቅ፦ ሶኬት ሳላገኝ ስንት ሰዓት መሥራት አለብኝ?

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ፓይ 4 ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ እንኳ ወደ 3 ዋት ይበላል። ብራውዘር ስትከፍትበት 5 እና 6 ይገባል። ስክሪኑ እንደ ብርሃኑ መጠን 2 ዋት ገደማ ይጨምራል። ለቢሮ ሥራ በአማካይ 6 ዋት በለው።

አሁን ወደ ባትሪው። 18650 የምንለው ክቡ ባትሪ ስሙ ልኩ ነው፣ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። አንዱ 3,000 ሚሊአምፔር ሰዓት ቢይዝ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 10.8 ዋት ሰዓት ነው። ሁለት ብታደርግ 21.6። ይሄን ወደ 5 ቮልት የሚያሳድገው ሰርኪዩት ከ10 እስከ 15 በመቶውን ሙቀት አድርጎ ያባክነዋል። እጅህ ላይ የሚቀረው 19 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። ለ6 አካፍለው። ሦስት ሰዓት ከትንሽ።

በፓወር ባንክም አትሸወድ። ላዩ ላይ 10,000 ተብሎ የሚጻፈው በውስጡ ባለው ባትሪ ቮልቴጅ፣ በ3.7 የተሰላ ነው። 37 ዋት ሰዓት ማለት ነው። በ5 ቮልት ሲታሰብ፣ ብክነቱን ሳንቆጥር፣ 7,400 ነው። ላንተ ማሽን ከአምስት ሰዓት በላይ ይሰጥሃል፣ መጥፎ አይደለም። ግን ፓወር ባንኩ ከኮምፒውተሩ ሊተልቅ ነው። ታዲያ የቱ ኪስ ነው የሚይዘው?

ስልክ_ይበቃል

አቦ ለምን ራስን ማድከም? ኪስህ ውስጥ አሁን ያለው ስልክ ምናልባት ከፓይ 4 ይፈጥናል። ስክሪኑም ባትሪውም የተሻለ ነው። የሚታጠፍ ኪቦርድ ግዛ፣ አንድሮይድ ላይ ተርሙክስ (የሊኑክስ ትእዛዞችን ስልክ ላይ የሚያስኬድ አፕ) ጫን። ኤስኤስኤች አለህ፣ ለጽሑፍ ቪም አለህ፣ የፋይል ለውጥ ለመመዝገብ ጊት አለህ። በኬብል ከትልቅ ስክሪን ጋር ሲገናኝ እንደ ዴስክቶፕ የሚከፈት ስልክም አለ። ሳምሰንግ ዴክስን እይ። በቃ፣ አለቀ።

ሻንጣ_ጠላ

ስልክ_ይበቃል፣ እሱን ሞክሬ ነው የመጣሁት። ተርሙክስ ግሩም ነው። ግን ከጀርባ የማሠራውን ነገር አንድሮይድ ድንገት ይገድልብኛል። ሙሉ ሊብረኦፊስም አላገኘሁበትም። ደግሞ ስልክ ስልክ ነው። ሪፖርት ልጽፍ እከፍተውና ሌላ ቦታ ራሴን አገኘዋለሁ።

ስልክ_ይበቃል

መግደሉ ከአንድሮይድ 12 ጋር የመጣ ገደብ ነው። አፖች ከጀርባ የሚያስነሷቸው ንዑስ ፕሮግራሞች ከ32 ሲያልፉ ይቆርጣቸዋል። በአዳዲሶቹ ላይ በዴቨሎፐር ምርጫዎች ውስጥ ማጥፊያ አለው። ሌላ ቦታ ራስህን ማግኘትህን ግን እኔ አላክመውም።

የድሮ_ሰርቨር

ልጆች፣ እስካሁን ማንም ያላነሳውን እኔ ላንሳው።

በ1991 ኤችፒ 95ኤልኤክስ የሚባል ማሽን አወጣ። ዶስ ይሮጥበታል፣ ሎተስ 1-2-3 ውስጡ ተቀብሮ ነው የመጣው፣ የሚሠራው በሁለት ተራ የባትሪ ድንጋይ ነው። በ1994 ደግሞ 200ኤልኤክስ ተከተለው። በ1997 ሳዮን ሲሪስ 5 መጣ። ሲከፈት ኪቦርዱ ወደ ፊት ይንሸራተታል፣ ስክሪኑ ወደ ኋላ ይደገፋል፣ በአሥር ጣት ይጻፍበታል። እሱም ሁለት የባትሪ ድንጋይ ነው። ሊኑክስ ካላችሁ ደግሞ ሻርፕ በ2002 ዛውረስ ኤስኤል-5500ን ሊኑክስ ጭኖበት ሸጦታል። ማለቴ፣ የምታወሩት ነገር አዲስ አይደለም።

እነዚህ ማሽኖች በፍጥነት ከፓይ አጠገብ አይቆሙም። ግን አንድ ነገር ነበራቸው። ቁልፉን ስትጫኑ ወዲያው ይነቃሉ፣ ያውም ያቆማችሁበት መስመር ላይ። ስትዘጓቸው ይተኛሉ። ፓይ 4 አይተኛም። ላፕቶፕ ላይ የምታውቁት ሰስፔንድ እሱ ላይ የለም። ክዳን ሠርታችሁ ስትዘጉት ስክሪኑን ታጠፋላችሁ እንጂ ቦርዱ ያንን 2 እና 3 ዋት እየበላ ኪሳችሁ ውስጥ ይሞቃል።

የቀይ_ሽቦን 19 ዋት ሰዓት ውሰዱ። ማንም ሳይነካው ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ባዶ ነው። ሻንጣ_ጠላ፣ ጠዋት ሙሉ አድርገህ የወጣኸው ማሽን ከሰዓት ስብሰባ ላይ ስትከፍተው ሞቶ ይጠብቅሃል። ለኔ የዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ጥያቄ ይሄ ነው፦ በሥራና በሥራ መካከል ማሽኑ ምን ይሆናል?

ሻንጣ_ጠላ

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄ እኔ ያሰብኩትን ሁሉ ነው የገለበጠው። ፓይ 5 ይሻል ይሆን? አዲስ ስለሆነ ብዬ ነው።

የድሮ_ሰርቨር

አይሻልም። እርግጥ የማብሪያ ቁልፍ አለው፣ ሰዓት የሚይዝ ሰርኪዩትም ቦርዱ ላይ አለው፣ ፍጥነቱማ ሌላ ነው። መተኛት ላይ ግን እንደ ወንድሙ ነው። ደግሞ በ5 ቮልት 5 አምፔር የሚሰጥ ምንጭ ይፈልጋል። ባለ 3 አምፔር ከሰጠኸው ዩኤስቢ ላይ ለምትሰካቸው ነገሮች በሙሉ 600 ሚሊአምፔር ብቻ ይለቃል። ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ኪስ ውስጥ ግን አልመክርህም።

ቀይ_ሽቦ

መተኛት ግድ ከሆነ መንገዱ ኢንቴል ወይም ኤኤምዲ ነው። ኤን100 የሚባለው የኢንቴል ቺፕ ያለባቸው ትንንሽ ቦርዶች አሉ፣ በአግባቡ ይተኛሉ፣ ይነቃሉም። ግን ማቀዝቀዣቸውም ባትሪያቸውም ከፍ ይላል። እዚያ ከደረስክ ደግሞ ጂፒዲ ፖኬት ዓይነት የተዘጋጀ ባለ 7 ኢንች ማሽን መግዛት ይቀላል። የመጀመሪያው በ2017 ወጥቷል፣ ያገለገለም ይገኛል። ሊኑክስ ይቀበላል። «ራሴ ልገጣጥም» ያልከው ግን እዚያ ላይ ያበቃል።

ተርሚናል_አፍቃሪ

ሁላችሁም ትልቅ ትልቁን እያያችሁ ነው። ፓይ ዜሮ 2 ደብሊው የሚባል ነገር አለ። በ2021 የወጣ፣ 65 በ30 ሚሊሜትር። የማስቲካ ፓኬት ነው የሚያክለው። ራሙ 512 ሜጋባይት ነው፣ አውቃለሁ፣ አትጩኹብኝ።

እኔ ዴስክቶፕ የሚባል ነገር አልጫንኩበትም። ቪም፣ ለኢሜይል ኒዮመት፣ ለሠንጠረዥ ኤስሲ-አይኤም። ሪፖርቱን በማርክዳውን (በቀላል ምልክቶች በሚቀረጽ ተራ ጽሑፍ) እጽፍና በፓንዶክ ወደ ዎርድ ፋይል እቀይረዋለሁ። ተቀባዩ በምን እንደተጻፈ አያውቅም። ጽሑፍ ብቻ ሲሠራበት ቦርዱ ከ1 ዋት በታች ነው የሚበላው። ከትንሽ ስክሪን ጋር 2 ዋት አይሞላም። ያው የቀይ_ሽቦ 19 ዋት ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ሆነ።

ጋሼ ላነሱት የመተኛት ጥያቄም መልስ አለኝ። ሥራዬን ማሽኑ ላይ አላስቀምጥም። ሰርቨር ላይ ቲሙክስ (ብወጣም የተከፈተውን ሥራ ሳይዘጋ የሚያቆይ ፕሮግራም) ክፍት ነው። ከሱ ጋር የምገናኘው በሞሽ ነው። ሞሽ ኔትወርክ ቢቆረጥ፣ ከዋይፋይ ወደ ሞባይል ዳታ ብትቀይር፣ ግንኙነቱን አይጥለውም። ማሽኑን ሙሉ በሙሉ አጠፋዋለሁ። ሳበራው ገብቼ ቲሙክሱን እጠራዋለሁ፣ ጠቋሚው የተውኩት ቃል ላይ ቆሞ ነው የማገኘው።

ጥቁሩ ኮንሶል (ትእዛዝ የሚጻፍበት ስክሪን) ላይ አማርኛ አይነበብም የሚል ካለ ደግሞ፣ ዴብያን በሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ላይ ኮንሶል-ሴትአፕ ውስጥ ጎሃ የሚባል የኢትዮፒክ ፎንት አለ። ለማንበብ ይሆናል። ለመጻፍ ግን አይ3ን (ቀላል የመስኮት ማስተዳደሪያ) ከፍቼ እዚያ ተርሚናል ውስጥ በአይባስ (የቋንቋ መጻፊያ) ነው የምሠራው።

ሊብረ_ሰው

ተርሚናል_አፍቃሪ፣ አካሄድህ ደስ ይላል። ግን የሰውየውን ጥያቄ እንመልስ። «የቢሮ ሥራ» ነው ያለው። ቢሮ ማለት ሌላ ሰው የላከልህን ፋይል መክፈት ማለት ነው። አለቃህ ባለ አሥር ገጽ ኤክሴል ከነቀለሙ ሲልክልህ በፓንዶክ ምን ታደርገዋለህ? ሥራውስ በብራውዘር የሚገባ ሲስተም ላይ ከሆነ? በ512 ሜጋባይት ዘመናዊ ብራውዘር አይታሰብም። አንድ ታብ ከፍተህ ሻይ ትጠጣለህ። ለሊብረኦፊስ ብቻ 2 ጊጋባይት ያኖራል። ከብራውዘር ጋር 4 ያስፈልጋል።

ሻንጣ_ጠላ፣ እኔ የምፈራልህ ግን ስክሪኑን ነው። 800 በ480 ላይ ሊብረኦፊስ ትከፍታለህ። የሜኑ መስመር፣ የመሣሪያ መስመር፣ ሁለተኛ የመሣሪያ መስመር፣ ማስመሪያ፣ ከታች ስታተስ ባር። ለጽሑፉ የሚቀረው አምስት ስድስት መስመር ነው። ከዚያ የፎርማት ሳጥን ስትከፍት «እሺ» የሚለው ቁልፍ ከስክሪኑ በታች ወርዶ ይቀራል። አልት ተጭነህ ሳጥኑን በማውስ ወደ ላይ እየጎተትክ ልትሠራ ነው።

አንዳንዱ ሰው «1280 በ720 ገዛሁ፣ ተገላገልኩ» ይላል። በ5 ኢንች ላይ ይሄ በኢንች ወደ 294 ፒክስል ነው። ፊደሉ ጉንዳን ያክላል። እንዲነበብ በ1.5 ስታሳድገው የሚቀርህ ቦታ 853 በ480 ነው። ዞሮ ዞሮ እዚያው። ጥራቱ ያምራል፣ በተለይ የኛ ፊደል ቅጥያዎቹ ይለያሉ፣ ቦታ ግን አልጨመርክም። ቦታ የሚጨምረው ኢንች ነው። ኪስህ ከፈቀደ 7 ኢንች ሂድ። ካልፈቀደ በ5 ኢንቹ ላይ የመሣሪያ መስመሮቹን ሁሉ ደብቀህ በሾርትከት መሥራት ልመድ።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ቢወጣም። ዊንዶውስ ላይ በኒያላ የተጻፈ የአማርኛ ሰነድ ሲላክልህ ሊኑክስ ላይ ኒያላ የለም። ሊብረኦፊስ በሌላ ፎንት ይተካዋል። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመሮቹ ይንሸራተታሉ፣ 3 ገጽ የነበረው 4 ይሆናል። አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ ጫን፣ የመጨረሻውን ቅጂ ሁልጊዜ በፒዲኤፍ ላክ።

ጣት_ወፍራም

ኪቦርድ ላይ ማንም አልተናገረም፣ እኔ ደግሞ ለዚያ ነው የምኖረው።

መጀመሪያ ወስን፦ የምትጽፈው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ነው ወይስ ቆመህ በሁለት እጅ ይዘህ? እነዚህ ሁለት የተለያዩ ማሽኖች ናቸው። ይዘህ የምትጽፍ ከሆነ የአውራ ጣት ኪቦርድ ነው፣ እንደ ድሮው ብላክቤሪ። እሱን ከአሮጌ ስልክ ነቅለው ከትንሽ ቦርድ ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ለአጭር ኢሜይል ይበቃል። ሁለት ገጽ ሪፖርት ጻፍበት ካልከኝ ግን ምሕረት አድርግልኝ።

ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የቁልፍ ርቀት ለካ። ሙሉ ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሃል እስከ ቀጣዩ መሃል 19 ሚሊሜትር ነው። 16 ላይ እጅ ይለምዳል። ከ14 በታች በአሥር ጣት መጻፍ የኔ ጣት አይችለውም፣ ያንተን አላውቅም።

አሁን ወደ አማርኛ። በሴራ አጻጻፍ (አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደላት መትቶ መጻፍ) የምትጽፍ ከሆነ ሺፍት እረፍት የለውም። ለጠ ትልቁን ቲ፣ ለጨ ትልቁን ሲ፣ ለጸ ትልቁን ኤስ፣ ለኘ ትልቁን ኤን፣ ለሐ ትልቁን ኤች። ጠባብ ኪቦርድ ላይ በትንሿ ጣት ሺፍት ይዞ በሌላው መምታት ጣት ያዛባል። መፍትሔው ኪውኤምኬ ነው፣ የኪቦርድን ቁልፎች እንደፈለግክ የምታዝበት ነፃ ሶፍትዌር። በአርፒ2040 ቺፕ የራስህን ኪቦርድ ሠርተህ ኪውኤምኬ ጫንበት። ሺፍትን «አንድ ጊዜ ተነክቶ የሚለቀቅ» አድርገው። ነካ አድርገህ ትለቀዋለህ፣ ቀጣዩ ፊደል ብቻ ትልቅ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ጠጠጠ ብለህ ትጽፋለህ። ቦታ ስለሚጎድል ቁጥሮቹንና ምልክቶቹን ሁለተኛ ሌየር ላይ አስቀምጥ፣ ለአራት ነጥብ ደግሞ የራሷን ቁልፍ ስጣት። ሥራህ ሪፖርት ከሆነ በየመስመሩ ታስፈልግሃለች።

ብሉቱዙን ተወው። አንደኛ እሱም ቻርጅ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ ዲስክህን ከቆለፍክ (ኪስ ውስጥ የሚዞር የቢሮ ማሽን ካልተቆለፈ ጉድ ነው) ሲነሳ የይለፍ ቃል ይጠይቅሃል። በዚያ ሰዓት ብሉቱዙ ገና አልተነሳም። ኪቦርድህ ሞቶ፣ ማሽኑ እየጠየቀህ፣ ተፋጥጣችሁ ትቀራላችሁ። በዩኤስቢ ከውስጥ አገናኘው።

የድሮ_ሰርቨር

ጣት_ወፍራም፣ የዲስኩን ነገር ማንሳትህ ደግ ነው። አንድ ነገር ልጨምርበት። የፓይ 4 ቺፕ ኤኢኤስን (የተለመደውን የዲስክ መቆለፊያ ስሌት) በሃርድዌር የሚያሰላ ክፍል የለውም። በተለመደው መንገድ ከቆለፋችሁት ዲስኩ ይንቀራፈፋል። አዲያንተም የሚባለውን ዘዴ ምረጡ፣ ጉግል በትክክል ለእንዲህ ያሉ ቺፖች ያዘጋጀው ነው፣ ከሊኑክስ 5.0 ጀምሮ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ውስጥ አለ። ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ሰዓቱንም አትርሱ። ፓይ 4 ሲጠፋ ሰዓት የሚይዝለት ባትሪ የለውም። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ስታበሩት መጨረሻ የጠፋበትን ሰዓት ነው የሚያምነው። ኔትወርክ አግኝቶ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ በጻፋችሁት ፋይል ላይ የተሳሳተ ቀን ይመዘገባል። ልዩነቱ ከሰፋ ደግሞ ብራውዘሩ የድረ ገጹን ሰርተፊኬት አላምንም ይላል። ዲኤስ3231 የምትባለዋን ትንሽ የሰዓት ሞጁል ጨምሩ። አራት ሽቦ ናት።

ቀይ_ሽቦ

ባትሪ ላይ እንደገና ልመለስ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው።

በየቦታው የምታገኛት ቲፒ4056 የቻርጅ ቺፕ በራሷ መጥፎ አይደለችም። ግን እየሠራህ ቻርጅ ለማድረግ አልተሠራችም። የምታቆመው ወደ ባትሪው የሚገባው ጅረት ወደ አንድ አሥረኛ ሲወርድ ነው። ማሽኑ ከባትሪው እየጠጣ ከሆነ ያ ጅረት አይወርድም፣ ባትሪው መሙላቱን አታውቅም። ከፍተኛዋም 1 አምፔር ነው፣ ፓይ 4 ስትሠራበት ከዚያ በላይ ይጠጣል። ቻርጅ ላይ ሰክተኸው ባትሪው ሲወርድ ታያለህ። ፓወር ፓዝ ያለው የቻርጅ ቦርድ ፈልግ፤ ሶኬት ሲኖር ማሽኑን ከሶኬት ያበላል፣ የተረፈውን ለባትሪው ይሰጣል።

ሁለቱን ባትሪ ጎን ለጎን ፓራለል የምታገናኝ ከሆነ ከማገናኘትህ በፊት ሁለቱም እኩል ቮልት ላይ መሆናቸውን በመልቲሜትር እይ። አንዱ 4.2 ሌላው 3.4 ሆኖ ብታገናኛቸው አንዱ ሌላውን በኃይል ይሞላዋል። ባትሪው ላይ በቀጥታ አትበይድ። መያዣ ተጠቀም ወይም ጆሮው በማሽን የተበየደለት ግዛ። መከላከያ ሰርኪዩት ያስፈልጋል፣ ይሄ ድርድር የለውም።

ቮልቱ ደግሞ። ፓይ ከ4.63 ቮልት በታች ሲደርሰው የመብረቅ ምልክት ስክሪኑ ላይ ያሳይና ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሰው «ማሽኔ ቀርፋፋ ነው» ይላል፣ በሽታው ሽቦው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። 0.2 ኦም ባለው ቀጭን ሽቦ ውስጥ 2 አምፔር ሲያልፍ 0.4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 5.0 ብለህ የላክኸው 4.6 ሆኖ ደረሰ። ማሳደጊያህን 5.1 ላይ አድርገው፣ ሽቦውን አወፍረው፣ አሳጥረው።

በአውሮፕላን የምትሄድ ከሆነ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ስለሆንክ ችግር የለብህም። ትርፍ ባትሪ ግን በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው፣ የሚጫነው ውስጥ አይገባም። ፍተሻ ላይ ሽቦው ወጥቶ የሚታይ ማሽን ምን እንደሚያስከትል ደግሞ መገመት ትችላለህ። ኬዙን ጨርሰህ ሂድ።

ተርሚናል_አፍቃሪ

ሜሞሪ ካርዱንም ንገሩት እንጂ። ባትሪ በድንገት ሲያልቅና ሲጽፍ ሲደርስበት ፋይል ሲስተሙ ይበላሻል። ባትሪው ዝቅ ሲል ራሱን በሥርዓት የሚያጠፋ ትንሽ ስክሪፕት ግድ ነው። ለዚህም የባትሪውን ደረጃ የምትለካ ቺፕ ያስፈልጋል፣ ፓይ በራሱ ባትሪ ይኑረው አይኑረው አያውቅም። ስዋፑን (ራም ሲሞላ የሚጻፍበትን ቦታ) ከካርዱ አውርደህ ዚራም (ራሙ ውስጥ የታመቀ ቦታ) አድርገው።

ሻንጣ_ጠላ

ያላችሁትን ሁሉ ሰብስቤ ዕቅዱን ከለስኩት። እዩልኝ።

ፓይ 4ን በሙሉ ቦርዱ ትቼ ሲኤም4ን (መሰኪያ የሌለው ትንሹ የፓይ 4 ቦርድ) ወሰንኩ። ያው ቺፕ ነው፣ ግን 55 በ40 ሚሊሜትር ነው። ሙሉው ቦርድ ላይ የተደራረቡት የዩኤስቢ መሰኪያዎች ብቻቸውን ወደ 16 ሚሊሜትር ይቆማሉ፣ ለኪስ እነሱ ናቸው ጠላቶቼ። ማከማቻው ቦርዱ ላይ የተበየደ ኢኤምኤምሲ (የማከማቻ ቺፕ) ያለውን እወስዳለሁ፣ ካርድ ቀረ። ስክሪኑ በኤችዲኤምአይ ሳይሆን በዲኤስአይ (በቀጭን ጠፍጣፋ ኬብል) የሚገናኝ 5 ኢንች። ኪቦርዱን ጣት_ወፍራም እንዳለው፣ ቁልፍ ለቁልፍ 16 ሚሊሜትር፣ ስፋቱ በአሥር ዓምድ 160 ሚሊሜትር ይሆናል። ስለዚህ ማሽኑ ከስክሪኑ ሰፋ ይላል፣ የተረፈው ጎን ላይ ሁለቱ ባትሪ ይተኛሉ። ወጣ ያለ ጃኬት ያስፈልገኛል፣ ግድ የለም።

መተኛትን በተመለከተ ጋሼና ተርሚናል_አፍቃሪ አሳምነውኛል። ማሽኑ አይተኛም፣ ይጠፋል። ጽሑፉ በየደቂቃው ራሱን እንዲያስቀምጥ፣ የሰርቨር ሥራ ቲሙክስ ላይ እንዲቆይ አደርጋለሁ። ሲነሳ በቀጥታ መጨረሻ የተከፈተውን ፋይል እንዲከፍት ስክሪፕት እጽፋለሁ።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ኬዙን በፒኤልኤ (በተለመደው የ3ዲ ፕሪንተር ፕላስቲክ) ልሥራው? ክዳኑ ላይ ስስ አሉሚኒየም ባደርግ ሙቀት አያወጣልኝም?

ሊብረ_ሰው

ፒኤልኤ አይሆንም። ቺፑ ፍጥነት መቀነስ የሚጀምረው 80 ዲግሪ ላይ ነው፣ ፒኤልኤ ደግሞ 60 አካባቢ ይለሰልሳል። ቺፑ ሳይጨነቅ ኬዝህ ይጣመማል። ሙቀት የተሻለ የሚችለው ፒኢቲጂ ፕላስቲክ ይሻላል። የሲፒዩውን ጣሪያ ከ1.5 ጊጋኸርትዝ ወደ 1 ብታወርደው ለጽሑፍ ሥራ ልዩነቱ አይታወቅህም፣ ሙቀቱ ግን ይቀንሳል። ብሎን የሚገባበት ቦታ ሁሉ በሙቀት የሚቀበር የነሐስ ዳዶ አድርግ። ፕላስቲክ ላይ በቀጥታ የታሰረ ብሎን ሦስተኛ ስትፈታው ይዞራል።

የድሮ_ሰርቨር

ልጄ፣ ከማተምህ በፊት ዩኮንሶልን አንዴ እየው። ክሎክወርክፓይ የሚያወጣው ነው። ሲኤም4 ይቀበላል፣ ባለ 5 ኢንች 1280 በ720 ስክሪን፣ ሁለት 18650 አለው። አንተ አሁን በወረቀት ያስቀመጥከው ማለት ይቻላል። ኪቦርዱ ግን የአውራ ጣት ነው፣ ለሪፖርት አይሆንህም። እንድትገዛው ሳይሆን ባትሪውንና ስክሪኑን እንዴት እንዳስቀመጡት እንድታይበት ነው።

ጣት_ወፍራም

ማጠፊያውን አቅልለህ አትየው። ፕሪንተር ያወጣው ማጠፊያ አይቆይም፣ ስክሪኑም የተውከው ቦታ አይቆምም። ከተሰበረ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ የብረቱን ፍታና ኬዙን በሱ ልክ ሣል። የስክሪኑ ጠፍጣፋ ኬብል ማጠፊያው ውስጥ ሲያልፍ በሹል አይታጠፍ። ልል አድርገህ ጥቅልል ብሎ እንዲያልፍ ቦታ ተውለት። አለበለዚያ ከጊዜ በኋላ ስክሪኑ ክዳኑን ስታንቀሳቅስ ብልጭ ድርግም ይልብሃል።

ቀይ_ሽቦ

ስለ አሉሚኒየሙ። ሙቀት ያወጣልሃል፣ እውነት ነው። ግን የሲኤም4 የዋይፋይ አንቴና ቦርዱ ላይ የታተመ ነው፣ በብረት ከሸፈንከው ኔትወርክህ ይዳከማል። ሁለት ምርጫ አለህ። ወይ አንቴናው ያለበትን ጥግ በፕላስቲክ ትተወዋለህ፣ ወይ ቦርዱ ላይ ባለችው ትንሽ መሰኪያ ውጫዊ አንቴና ታስራለህ። ሁለተኛውን ከመረጥክ በኮንፊግ ፋይሉ ላይ ውጫዊውን እንዲጠቀም የሚያዝ አንድ መስመር መጨመር አለብህ። ካልጨመርክ አንቴናው ተሰክቶም ቦርዱ የራሱን ነው የሚጠቀመው። ደግሞ ሲኤም4 ያለው አንድ የዩኤስቢ 2 መስመር ብቻ ነው። ኪቦርዱ ያንን ይወስዳል። ፍላሽ መሰካት ከፈለግክ ትንሽ ሀብ ቦርድ (አንዱን መስመር ለብዙ መሰኪያ የሚያካፍል) ከአሁኑ ዕቅዱ ውስጥ አስገባ፣ በኋላ ቦታ አታገኝለትም።

ሻንጣ_ጠላ

ጥጉን በፕላስቲክ እተወዋለሁ። ሀቡን ከኪቦርዱ ሥር ለማስገባት 4 ሚሊሜትር ይጎድለኛል፣ ባትሪዎቹን ወደ ጀርባ ማጠፊያው ላይ ብገፋቸው ይገኛል መሰለኝ። ሥዕሉን ሳስተካክል እዚሁ እለጥፈዋለሁ።

ጣት_ወፍራም

ባትሪውን ማጠፊያው ጋ ካደረግከው ተጠንቀቅ፣ ክብደቱ ኋላ ይሆንና ስክሪኑን ስትከፍት ማሽኑ ወደ ኋላ ሊወድቅ ይችላል። ብቻ የኪቦርዱን ሥዕል ከኬዙ በፊት ለጥፈው።